ቢጫዋ ኤሊ

ሐምሌ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ወልድያ

«ቢጫ ከሆነች አትቸኩል፤ ቀይ ስትሆን ትደውልልኛለህ።»

ይህን ያለው ይርጋ መካኒኩ ነው። ያለውም ለእኔ አይደለም፤ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ ሁለት እጁን የሰው ሞተር ውስጥ ነክሮ፣ ለሌላ ደንበኛ ነው። እኔ ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ተራ እጠብቅ ነበር። ለሌላ ሰው የተነገረ ምክር እኔን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም ብዬ እንዳለ ተቀበልኩት። የእኔም መኪና መብራት ቢጫ ናት። ተራዬን ከኋላዬ ላለው ሰው ለቅቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የበራችው ዛሬ ጠዋት ነው። እማዬን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ከሰሜን ተፈናቅለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለተጠለሉት ሰዎች ብርድ ልብስ ልናደርስ ስንሄድ ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ አለች። ቦግ ብላም ቀረች። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በጃፓንኛ ስለሆነ ሥዕሉን ብቻ አነበብኩ፤ የሞተር ሥዕል ነው። እማዬ ትክ ብላ አየቻትና «ኤሊ ናት» አለች። ደግሜ ሳያት እውነቷን ነው። ጀርባ አላት፣ አንገት አላት፣ አትንቀሳቀስም።

ኮሮላዬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከማስተምራቸው ልጆች ሁሉ ትበልጣለች፤ እንደነሱም ስትጠየቅ ዝም ትላለች።

ማታ ሮማን ደወለች። እኅቴ ናት፣ ደሴ ነው የምትኖረው። «ጋሼ፣ እማዬን ይዘሃት ና። ነገሩ አላማረኝም። መንገድ ከተዘጋ ኢንሱሊኗን ከየት ታመጣለህ?» እማዬ ስኳር ካለባት አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ብልቃጥ አላት፤ አንዱ አንድ ወር ያደርሳል። እመጣለሁ አልኳት። መኪናዋ ትታይና።

ሐምሌ 12

ይርጋ ተማሪዬ ነበር። በጂኦግራፊ ጥዬዋለሁ። አሁን ፈታኙ እሱ ነው።

«ቲቸር፣ መብራቷ ከበራች ስንት ቀን ሆናት?»

«አራት።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?»

የራስህን ምክር እየፈጸምኩ ነበር አላልኩትም።

ካንዴላዎቹን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ጠረጋቸው። ባትሪውን ለሩብ ሰዓት ያህል ፈትቶ መልሶ አሰረው። ኤሊዋ ጠፋች። «አሁን እስከ ሲሪንቃ ነድተው ይሞክሯት» አለኝ። «ከተመለሰች ስንት ቁጥር ላይ እንደተመለሰች ይጻፉልኝ። በሽታ የሚታወቅ በሚመለስበት ሰዓት ነው።» ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ደብተር የኪሎ ሜትር መዝገብም ሆኗል። ከጋራዥ ስነሣ መቁጠሪያው 217,311።

ከወልድያ የወጣሁት በሰዓት አርባ ነው። አንድ አይሱዙ ለሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ጥሩምባ እየነፋ ተከተለኝ። በመጨረሻ ሲያልፈኝ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባቴ፣ ቀብር ነው እንዴ?» አለኝ። በእጄ እለፍ አልኩት።

217,329 ላይ ተመለሰች። ሲሪንቃ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ታፔላ ፊት ለፊት። ቢያንስ ቦታ መምረጥ ታውቃለች።

ሐምሌ 15

ይርጋ ዛሬ አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ቲቸር፣ አምፖሏን ነቅዬ ልጣላት። መኪና የሚሸጡት ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የሞተሩ ድምፅ ንጹሕ ነው። እርስዎን ያስጨነቀችዎ መብራቷ እንጂ መኪናዋ አይደለችም።»

ተቆጣሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ካርታ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተራራን ከካርታ ላይ በላጲስ ብታጠፋው ተራራው አይፈርስም አልኩት።

«እሱስ ልክ ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን ቲቸር፣ ካርታ ሠሪውም ተሳስቶ የሌለ ተራራ ሊሥል ይችላል'ኮ።»

ይህን ልጅ ለምን እንደጣልኩት አሁን አላስታውስም።

ሐምሌ 17

ቸኩያለሁ። ቆቦ ተይዟል ይላሉ። አልተያዘም ይላሉ። የሚሉት ያው አንድ ሰዎች ናቸው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይቀያየራሉ። ባንክ በር ላይ ሰልፍ። ዳቦ የለም። ኤሊዋ አለች።

ሐምሌ 20

መርሳ ላይ የመኪና ኮምፒውተር ያለው ማሩ የሚባል ሰው አለ ብሎ ይርጋ ላከኝ። ከወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። እኔ ራሴ እየነዳሁ ከመርሳ አልፌ አላውቅም። ደሴ በዚህች መኪና ሦስት ጊዜ ሄደናል፤ ሦስቱንም ጊዜ የነዳው ጎረቤቴ ስዩም ነው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ መንዳት ይወዳል፤ ደስታውን ልነፍገው አልፈለግሁም። እኔ ከጎኑ ሆኜ መልክዓ ምድሩን አስረዳ ነበር። ይህን የምጽፈው ከመብራቷ ጋር ስለሚያያዝ አይደለም።

ማሩ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ፣ እንደ ሐኪም ግንባሩን ቋጥሮ ቁጥሮች አነበበ። እኔም እንደ በሽተኛ ዘመድ ፊቱን አነበብኩ።

«አብሽር ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ሞተሩ ምንም አልሆነም። ጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያሸት ሴንሰር አለ፤ የሞተው እሱ ነው። አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ ሳንባዋ ደህና ነው።»

«ረጅም መንገድ ትሄዳለች?»

«አፍንጫው የተደፈነ ሰው አይሄድም እንዴ? ትንሽ ቤንዚን ታበዛ ይሆናል፤ ሌላ ምንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «መንገዱ እስከ የት ነው ጋሼ?»

«ደሴ። ከወልድያ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር።» በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል የማወጣው የካርታ ስኬል ጥያቄ ነው፤ በእንቅልፌም እመልሰዋለሁ።

«እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሄድባት ነበር» አለ።

እርግጠኛ ነኝ አላለም። ልብ ይባል፤ እርግጠኛ ነኝ አላለም።

መብራቷን በኮምፒውተሩ አጠፋልኝ። ስመለስ 217,397 ላይ በራች። አሁንም ሲሪንቃ።

ሐምሌ 22

ሮማን ሴንሰሩን ደሴ አገኘችው። በአውቶቡስ ሹፌር ትልከዋለች።

«ጋሼ፣ ዕቃውን ከምልክልህ እናንተ መጥታችሁ እዚህ ቢገጠምስ?»

የታመመ ሰው ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል ወይስ መድኃኒቱ ወደሱ ይመጣል ብዬ ጠየቅኳት።

«ይሄዳል እንጂ!» አለች።

ጥያቄው በደንብ አልተዘጋጀም ነበር።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስቲ ንገረኝ፣ መኪናዋ ናት ወይስ መንገዱ?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ሰሞኑን እንዲህ ነው። መልሼ ብደውል ኖሮ ይሠራ እንደነበር አላውቅም፤ አልሞከርኩም።

ሐምሌ 26

ዕቃው መጣ። ይርጋ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ እየታየ ተናገረ። «የእኛ ባለ አንድ ሽቦ ነው፤ ይሄ ባለ አራት ነው። የሌላ መኪና አፍንጫ ነው የላኩልዎ ቲቸር።»

ሌላ ታዘዘ። ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት።

ቤት ስገባ የእማዬ ሻንጣ በር ሥር ተቀምጦ አየሁ። ከላዩ ነጠላዋ ታጥፏል፣ ከጎኑ የዳዊት መጽሐፏ። መቼ እንዳዘጋጀችው ጠየቅኳት።

«ኤሊዋ የበራች ዕለት» አለች።

ሐምሌ 28

ስዩም ነገ ጠዋት ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ማታ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጠራኝ።

«ደምሴ፣ ሁለት ወንበር ይዤላችኋለሁ። ከፊት፤ ለእማማ እግር የሚመች።»

«መኪና አለኝ'ኮ።»

«አውቃለሁ። እየነዳህ ተከተለኝ አላልኩህም። ተሳፈር ነው ያልኩህ።»

አመሰገንኩት። ዕቃው ዓርብ ይደርሳል አልኩት። መኪና ያለው ሰው መኪና የሌላቸውን ሰዎች ወንበር መያዝ ነውር ነው አልኩት። እውነት ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሁለት ሰው ይወጣል። ሰሞኑን ከአፌ የሚወጣው ሁሉ እውነት ነው፤ እንዲህ ለረጅም ጊዜ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ሚስቱ ትዕግስት ነርስ ናት። የእማዬን መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ካርቶን ስሪንጅ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። «እግሯን በየቀኑ ይዩላት፤ ቁስል እንዳይጀምራት» አለችኝ። ከዚያ ብዙ ቆማ አየችኝና ገባች።

ሐምሌ 30፣ ዓርብ

አውቶቡስ አልመጣም።

የከተማው መብራት ጠፋ። አሁን ወልድያ ውስጥ ያልጠፋች መብራት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የእኔ ናት። ማቀዝቀዣው እየሞቀ ነው። የቀረውን ኢንሱሊን በላስቲክ ጠቅልዬ በገመድ አስሬ እንስራ ውሃ ውስጥ አወረድኩት። አንዱ ብልቃጥ ሊያልቅ ነው፤ አንዱ አልተነካም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ከደብሯ ስትመለስ በጠርሙስ ጸበል ይዛ መጣች፤ መኪናዋን አስከፈተችኝና ዳሽቦርዱን ረጨችው። ቁልፉን አዞርኩ። ኤሊዋ የለችም።

ይርጋ ሮጦ መጥቶ አየ። «እርጥበት ሽቦ ነክቶ ይሆናል» አለ።

«አንተ የእርጥበቱን ስም አታውቀውም እንጂ ጸበሉ አድርጎታል» አለችው እማዬ።

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ከተማ ውስጥ ዞር ዞር አልኩ። አልበራችም።

ነሐሴ 3

ዛሬም አልበራችም። ሌሊቱን ከተራራው ማዶ ይጮኻል፤ ነጎድጓድ ነው የሚሉትም አሉ፤ ክረምት ነው። የእማዬ ሻንጣ በር ሥር ነው፤ ስገባና ስወጣ ነው የምሻገረው።

እንግዲህ የሚያዘገየን ነገር የለም። ነገ።

ነሐሴ 4፣ ማታ

ሁሉንም በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ንጋት ላይ ወጣን። እማዬ ከፊት ተቀመጠች፤ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጋ እንደ ሕፃን ታቅፋቸዋለች። መቁጠሪያው 217,430። ከበር ስንወጣ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ አንዱ ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ፍራሽ የጫነ አይሱዙ፣ ስድስት ሰው የያዘ ባጃጅ፣ አልጋ የተሸከመ ሰው፣ በግ የሚጎትት ሰው፤ ሁሉም ወደ ደቡብ። ከአርባ በላይ መንዳት አይቻልም። ሁሉም በእኔ ፍጥነት ስለሚሄድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ሹፌር መሰልኩ። እማዬም «እንዲህ እያልክ ነው'ኮ የምትደርስ» አለችኝ። ሲሪንቃን አለፍን። ታፔላው ጋ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ አልበራችም። ታፔላው ወደ ኋላ ሲቀር ለቀቅኩት።

217,449። ቦግ።

ወደ ዳር አውጥቼ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ሞተር ነበር። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ብዙ ቆሜ አየሁት። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ቀዝቀዝ አለና «ቆመችብህ አባቴ?» አለኝ።

«መብራት በርቶብኝ ነው።»

«ትሄድ ነበር?»

«ትሄድ ነበር።»

«ታዲያ ሂዳ!»

እሱ ሄደ። ከፊቴ መርሳ፣ ከመርሳ አልፎ ወደ ውርጌሳ የሚወስደው መንገድ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሁሉ ቁልቁለትና ጥምዝ፤ መቶ አንድ ኪሎ ሜትር። ከኋላዬ አሥራ ዘጠኝ። ቅርቡን መምረጥ አንደኛ ደረጃ ላይ ነው የሚያስተምሩት። መሪውን አዞርኩ።

ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚመጡት ሁሉ መብራታቸውን እያበሩና እያጠፉ ያስጠነቅቁኝ ነበር፤ ያልበራብኝ የመብራት ዓይነት የለም። ከአንድ ጭነት ላይ ሰውዬ «ምን ረስተው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። መልስ እስካስብ አለፈ።

ግቢ ስንገባ ጣቶቼን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ እማዬ ናት ያላቀቀችው። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ጠዋት ብርድ ነው።

የቀሩት ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። «እትዬ ማሚቴ፣ ምነው ተመለሳችሁ?»

«እኔ ነኝ ያስመለስኩት» አለች እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ፍልሰታን ከደብሬ ርቄ አልጾምም አልኩት። እሱማ ሊሄድ ነበር።»

አላስተባበልኩም። እናትን በሰው ፊት ማስተባበል ነውር ነው።

217,468።

ነሐሴ 6

ገቡ። ቀኑን ሙሉ ተኩስ። አልጋ ሥር ነን። እማዬ ዳዊት ትደግማለች። እኔ የአፍሪካን ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ እቆጥራለሁ። ስልክ የለም።

ነሐሴ 11

መኪናዋን ወሰዷት።

ሦስት ታጣቂዎች ናቸው። አንዱ ጎልማሳ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ሹፌር እንደሆነ መሪው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ያስታውቃል። «አባት፣ ቁልፉን» አለኝ። ሰጠሁት። አስነሣት። ኤሊዋ በራች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ሁሉንም ነገርኩት። ካንዴላዎቹን፣ ባትሪውን፣ የመርሳውን ኮምፒውተር፣ ባለ አራት ሽቦውን አፍንጫ፣ ቁጥሮቹን በሙሉ ከደብተሬ አነበብኩለት። በትዕግስት ሰማኝ። ከከተማው ውስጥ እስከዛሬ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«እና አትሄድም ነው የምትለኝ?»

«መርሳን አታልፍም» አልኩት። በሐቅ ነው ያልኩት። ላታልለው አልሞከርኩም።

ከጓደኞቹ ጋር ሳቁና ሄዱ። በአንድ ማርሽ፣ በአቧራ፣ ከእኔ በሦስት እጥፍ ፍጥነት። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። «እንግዲህ ከኤሊዋ ተገላገልክ» አለችኝ።

መስከረም 1 ቀን 2014

አዲስ ዓመት ነው ይላሉ። እማዬ ራሷ ስሪንጁን ከእጄ ወስዳ ግማሽ መስመር ላይ አቆመችው። «ይበቃኛል፤ ምኑን በልቼ ነው» አለች። ሁለተኛው ብልቃጥ ነው። ሦስተኛ የለም።

መስከረም 19

መድኃኒት ቤቶቹን ሁሉ ዞርኩ። በራቸው ክፍት ነው፤ የሚዘጋበት ነገር ስለሌለ። አንዱ ውስጥ ባለቤቱ ባዶ መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብባል። ኢንሱሊን አልኩት። ሳያየኝ ገጹን ገለጠ። ተቆጥቶ አይደለም።

ይርጋ ከገጠር በእግሩ ማሽላ ያመጣልናል። ስለ መብራቷ አንስቶ አያውቅም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9

የእማዬ ግራ አውራ ጣት ቆስሏል። ጫማዋ ነው ትላለች። በጨው ውሃ አጥባለሁ። ትዕግስት ያለችኝን በየቀኑ አያለሁ። ማየት ችያለሁ።

ጥቅምት 16

ብልቃጡ አለቀ። ውሃ ጨምሬ አራገፍኩትና ያንንም ወጋኋት። ምን እንደወጋኋት አላውቅም። ውሃ።

ጥቅምት 25

ደሴም ተይዟል ይላሉ።

ይህን ስሰማ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደረቴ ቀለል አለኝ። ብንሄድም ያው ነበር አልኩ ለራሴ። ሮማን እዚያ ናት። ሮማን እዚያ እያለች ቀለለኝ። ከዚህ የባሰ ነገር በዚህ ደብተር አልጻፍኩም፤ ስለዚህ እንዲቀመጥ ተውኩት።

ኅዳር 5

ትጠማለች። ትተኛለች። ትነቃና ሌላ ዘመን ውስጥ ሆና ታወራኛለች። ዛሬ ግን ዓይኗን ገልጣ በደንብ አወቀችኝ።

«ደምሴ።»

«አቤት እማዬ።»

«ኤሊዋ ጠፋች?»

«ጠፋች።»

«ተመስገን» አለች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘች። «ሰው ሲጠይቅህ እናቴ ናት በላቸው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አደራ።»

ኅዳር 9

እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት።

ኅዳር 12

ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ድንኳን የለም፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ እየመጣ ያጽናናኛል። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ እሷ ናት'ኮ እምቢ ያለችህ። ራሷ ስትናገር ሰምተናል።» እያንዳንዳቸውን አመሰገንኩ። አደራ ነው።

ታኅሣሥ 11

ከተማው ከተለቀቀ ጥቂት ቀን ሆነው፤ የሄደው ሰው እየተመለሰ ነው። ዛሬ የስዩም ሚኒባስ መጣ፤ ከፊት ወንበር ላይ ሮማን ነበረች። ደሴ ከመያዟ በፊት ወጥታ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ከርማለች። ጭኗ ላይ የበረዶ ሣጥን ይዛለች። አራት ብልቃጥ። ሐምሌ ላይ ለእማዬ የገዛችው ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እስከዚህ በረዶ እየቀየረች ይዛው ዞራለች።

«ጋሼ፣ እማዬስ?» አለች ከመኪናው ሳትወርድ።

የሚነግራት ሰው አልጠፋም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጎረቤቶቹ እማዬ ስለ ፍልሰታ ያለችውን ነገሯት፤ እንዴት ደብሯን ትታ አልሄድም እንዳለች። ሮማን እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ቢሆንም አሁን ድረስ መልስ እያዘጋጀሁ ነው።

ታኅሣሥ 16

ይርጋ መኪናዋን አገኛት። ውርጌሳ አጠገብ፣ ከመንገዱ ዳር። በስዩም ሚኒባስ ሄድን፤ በመስኮት በኩል ተቀምጬ መንገዱን አየሁት። ጥምዝ አለው። ያን ያህል ግን አይደለም።

አራቱም ጎማዎች የሉም። ባትሪው የለም። የኋላ ወንበሯ የለም፤ መስተዋቷ ተሰብሯል፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ሰው የደረቀ ማስቲካ ለጥፏል። ይርጋ ከሚኒባሱ ባትሪ ፈትቶ አሰረላት፤ ከመሪው ሥር ሽቦ አገናኘ። በመጀመሪያው ተነሣች። ኤሊዋ በራች።

ስዩም «አጥፋት በቃ» አለ። ይርጋ ወዲያው አላጠፋትም፤ እኔን እየጠበቀ ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። ቁጥር መጻፍ ያስለመደኝ እሱ ነው።

መቁጠሪያው 219,902። የመጨረሻው የጻፍኩት 217,468 ነው። መብራቷ እንደበራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ሄዳለች።

ከወልድያ ደሴ መቶ ሃያ ነው።